የጥድ አፋፉ ድምፅ

ሬሳውን ያገኙት ውኃ ሊቀዱ የወረዱ ሴቶች ናቸው። ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ከጥድ አፋፍ ገደል ሥር፣ ከምንጩ በላይ ባለው ድንጋያማ ቦታ በደረቷ ተደፍታ ነበር። ነጠላዋ እጇ ላይ ተጠምጥሟል፤ አንድ እግሯ ጫማ የለውም። በሌላ ዘመን ቢሆን ሴቶቹ የያዙትን ጥለው እሪ ይሉ፣ አገሩም ይጠራራ ነበር። የዚያን ዕለት ጧት ግን መጀመሪያ ያደረጉት ቀና ብሎ ሰማዩን ማየት ነው። ከዚያ አፋቸውን በእጃቸው አፍነው፣ አንዷ ከሌላዋ ራቅ ራቅ እያለች፣ ሽቅብ ወጡ።

ኢንስፔክተር ሠናይት የምትሠራው ደብረ ብርሃን ቢሆንም ለሌላ ጉዳይ አንኮበር ሰንብታ ነበርና፣ ወሬው እንደደረሳት ሳጅን ታከለን አስከትላ ቁልቁለቱን በእግሯ ወረደች። ወደ ጥድ አፋፍ የሚያወርደው መንገድ በተኩስ ከተዘጋ ሰንብቷል። ተኩሱ ጋብ ቢልም የሚሄድበት ሰው የለም። ስልክም ከተቋረጠ ቆይቷል።

ከለቅሶው ቤት ደጃፍ ድንኳን አልተተከለም። ለቀስተኞች ሁለት ሁለት እየሆኑ ይገባሉ፤ ጥቂት ያለቅሱና «እግዜር ያጥናችሁ» ብለው ቶሎ ይወጣሉ።

«ሰዉ ምን ሆኖ ነው?» አለች ሠናይት።

ታከለ የዚያው አካባቢ ልጅ ነው። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ተሰብስቦ መታየት ይፈራል፣ ኢንስፔክተር። ከላይ የሚያየን፣ ተሰብስቦ ካገኘንም የሚመታ አለ ይላሉ። ቀብርም ቢሆን እንዲሁ እየተንጠባጠቡ ነው የሚያስፈጽሙት።»

ሠናይትም ከአንኮበር እስከዚህ ስትወርድ ከአንዱ ዛፍ ጥላ ወደ ሌላው እያለች እንደመጣች ያስተዋለችው ገና አሁን ነበር።

አስከሬኑ መደቡ ላይ ተጋድሟል። አንገቱ ተሰብሯል፤ ክንዶቹና ጉልበቶቹ በድንጋይ ተልጠዋል። የመታነቅ ወይም የዱላ ምልክት የለም። ነጠላው ግን ገና ከእጁ አልተፈታም። ጣቶቹ እንደ ጨበጡት ደርቀዋል።

የሟቿ ልጅ ፋንቱ ከግድግዳው ተደግፋ ቆማለች። ሦስት ዓመት እንኳ ያልሞላት ልጇ ምስራቅ እግሯ ሥር ተሸጉጣለች።

«ወፍጮ ቤት ነበርኩ» አለች ፋንቱ። «ምስራቅን ለእማዬ ትቼላት ነው የሄድኩት። ስመለስ በሩ ከውጭ በገመድ ታስሯል። ልጄ ውስጥ ታለቅሳለች። እማዬ የለችም። ስጣራ አመሸሁ።»

«ገመዱ እንዴት ነበር የታሰረው?»

«ጥብቅ አድርጎ ነዋ። በጥርሴ ነው የፈታሁት።»

«እናትሽ ስትወጣ በሩን የማሰር ልማድ ነበራት?»

«የኔ እመቤት፣ ለምን ብላ? ይችን ልጅ ትታ ከደጃፍ አትርቅም ነበር!»

ሠናይት ከሕፃኗ ፊት ቁጢጥ አለች። «ማሚቱ፣ አያትሽ ምን አለችሽ?»

ምስራቅ የእናቷን ቀሚስ ፊቷ ላይ ሳበችው። «ዝም በዪ አለችኝ» አለች በቀሚሱ ውስጥ ሆና።

ከበሩ እስከ ገደሉ አፋፍ ያለው ሜዳ ክፍት ነው፤ አጥርም ዛፍም የለውም። ሌላኛውን የላስቲክ ጫማ ታከለ መሐል ላይ አገኘው። ሣሩ ላይ ተገልብጦ ነበር።

«ሮጣለች» አለ።

«ወይም አሯሩጠዋታል» አለች ሠናይት። «ሕፃን እንዳትወጣ በር አስሮ፣ ሴትዮዋን እስከ ገደል የሚያሯሩጥ ሰው። ማን ይጠላት ነበር?»

መልሱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋቸውም። ለቀስተኞቹ በየተራ፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ እያሉ፣ አንድ ስም ጠሩላት፤ ገብረ ሕይወት። የሟች ባሏ ወንድም ነው። ቄስ የነበሩት ባሏ ካረፉ ወዲህ በአንዲት የድንበር መሬት ሲጨቃጨቁ ኖረዋል። በሞተችበት ዕለትም ከሰዓት በኋላ ከቤቷ አጠገብ ያየው ሰው አለ።

«ፖሊስ ይምጣ ብሎ አንኮበር የወጣው ራሱ ነው እኮ» አለ ታከለ።

«አንዳንድ ሰው መጀመሪያ የሚጮኸው እንዳይጠረጠር ነው» አለች ሠናይት።

*

ከሁሉ በፊት ግን ከሟቿ ወንድ ልጅ ጋር ተነጋገረች። ዘሥላሴ ከቤቱ ጀርባ ብቻውን ተቀምጦ ገደሉን ያያል። የጫማው ጫፍ ተቀድዷል፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው።

«ደብረ ብርሃን ነው የምሠራው፤ ብርድ ልብስ ፋብሪካ» አላት።

«መርዶው የት ደረሰህ?»

«አንኮበር። ለጉዳይ መጥቼ ነበር። ሰው ላኩብኝ።»

«እናትህን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሃት መቼ ነው?»

ከንፈሩን በምላሱ አራሰ። «ለፋሲካ» አለ።

«አጎትህ ከእሷ ጋር ይጣሉ ነበር?»

«ይጨቃጨቃሉ እንጂ አይነካትም። ኧረ አይነካትም!» ከዚያ ቀና ብሎ አያት። «ሬሳው ላይ... ከመውደቋ በፊት የቆረጣት ነገር አለ?»

«እንደ ምን ያለ?»

«እንጃ» አለና ፊቱን ወደ ገደሉ መለሰ።

ልጅ ነው፤ እናቱ ሞታበታለች። ሠናይት ጥያቄውን ከሐዘን ቆጠረችውና ትታው ሄደች።

ገብረ ሕይወት ረጅም፣ ጠጉሩ የሸበተ ሰው ነው። ሲናገር ዐይኑን ከመሬት አያነሣም። ክርኑ ተልጧል፤ ጋቢው ላይ ቀይ አፈር ደርቋል።

«አያ ገብረ ሕይወት፣ ትናንት ከሰዓት የት ነበሩ?»

«መዘዞ። በግ ልሸጥ ወርጄ።»

«ክርንዎን ምን ነካዎት?»

«ወድቄ ነው። መንገድ ላይ።»

ታከለ ሊያጣራ ሄዶ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለሰ። «በጎቹ በረት ውስጥ ናቸው፤ አንዱም አልጎደለም። ተኩሱ ከተጀመረ ወዲህ ከዚህ መንደር መዘዞ የደረሰ ሰውም የለም። ዋሽተዋል፣ ኢንስፔክተር።»

በዚያው ዕለት ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ተቀበረች። ከሬሳው ኋላ የተከተለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር፤ እሱም ተራርቆ፣ በአጥር ጥግ በአጥር ጥግ።

*

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሠናይት ገብረ ሕይወትን ይዛ ለመሄድ ወሰነች። ይህን ስትሰማ ፋንቱ ከቤት ወጥታ መንገዷን ዘጋች።

«የኔ እመቤት፣ አጎቴን አይውሰዱብኝ! እሱ ባይኖር ማን ወደ እናንተ ይመጣ ነበር? መንገዱን የሚደፍር ሌላ ወንድ አጥተናል። ለዘሥላሴ እንኳ የምንልከው ሰው ጠፍቶ ነበር። እግዜር ራሱ ነው ያመጣው። እማዬ የት አለች እያለ ሲገባ፣ እዚህ በር ላይ ያረዳሁት እኔ ነኝ...»

ድምፁ የመጣው ይሄኔ ነው።

መጀመሪያ እንደ ንብ ነበር። ከዚያ እየወፈረ፣ እየጎላ፣ ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ ሸለቆውን ሞላው። ፋንቱ ቃሏን ሳትጨርስ ልጇን አንጠልጥላ ቤት ገባች። ደጃፍ ላይ የነበሩት ሁለት ለቀስተኞች ከአጥሩ ሥር ተደፉ። ሠናይት ምን እንዳደረገች አታውቅም። ወደ ራሷ ስትመለስ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ምሰሶ አቅፋ ቆማለች። ሽጉጧን አልነካችም፤ ለዚያ ድምፅ ሽጉጥ ምን ያደርጋል?

«የሞተር መጋዝ ነው!» ብሎ ጮኸ ታከለ ከወዲያ ማዶ። «ባሕር ዛፍ እየቆረጡ ነው! ተነሡ፣ መጋዝ ነው!»

ሠናይት ጣቶቿን ከምሰሶው አንድ በአንድ አላቀቀች። ኀፍረቷን ለመሸሸግ ዙሪያዋን ስትቃኝ ሁለት ነገር አየች። ዘሥላሴ ከሜዳው መሐል እንደ ቆመ ነው። አልሸሸም፤ ሰማዩንም አላየም። ጆሮውን በሁለት እጁ ደፍኖ ዐይኑን ጨፍኗል። ገብረ ሕይወት ግን የለም።

ያገኘችው ከሜዳው ጥግ፣ ሁለት ቋጥኞች በተደጋገፉበት ስንጥቅ ውስጥ ነው። ጉልበቱን ከአገጩ አጋጥሞ ተኮራምቷል። ክርኑ ከሻካራው ድንጋይ ላይ ተጣብቋል። የስንጥቁ ወለል ቀይ አፈር ነው። ከድንጋዩም ላይ የዛሬ ያልሆነ የጋቢ ክር ተንጠልጥሏል።

«ትናንት ወዲያም እዚህ ነበሩ» አለች ቀስ ብላ። «መዘዞ አልሄዱም።»

ገብረ ሕይወት ከስንጥቁ ሳይወጣ ማልቀስ ጀመረ። ሽማግሌ ሲያለቅስ ማየት ከባድ ነው። ሠናይት ፊቷን ዘወር አደረገች።

«ድምፁ መጣ» አለ። «የመጋዝ አይደለም፤ የዚያኛው። ማሳ ላይ ነበርኩ። እዚህ ገባሁ። ከዚያ የእሷን ድምፅ ሰማሁ። ወዲህ! ወዲህ! ትላለች። እኔን የምትጠራ መሰለኝ። አልወጣሁም። እመቤቴ፣ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ከዚያ ዝም አለች።»

«ለምን መዘዞ ነበርኩ አሉ?»

«ወንድ ልጅ የወንድሙ ሚስት እየተጣራች ጉድጓድ ገብቼ ነበር ብሎ እንዴት ይናገራል? ደግሞስ ስለዚያ ነገር ማን አፉን ይከፍታል? አየሁ ያለ ሁሉ በዚህም በዚያም ወገን ይጠየቃል።»

«ድምፁ ወዴት ሄደ?»

በአገጩ ገደሉን ተሻግሮ ያለውን ኮረብታ አሳያት። ከአናቱ ላይ ረጃጅም ጥዶች የከበቡት ቤተ ክርስቲያን አለ። «ወደ ኪዳነ ምሕረት። እዚያ ሲደርስ ዛፍ የሚሰበር የመሰለ ነገር ተሰማኝና ጠፋ።»

*

የኪዳነ ምሕረቱ አገልጋይ መምሬ ፍቅረ ማርያም ሠናይትንና ታከለን መስቀላቸውን ካሳለሟቸው በኋላ ስለ ምን እንደመጡ አልጠየቁም። መርተው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ምሥራቃዊ ጎን ወሰዷቸው። ከአንድ ትልቅ ጥድ ሥር እሾህ ተከምሯል። ከላይ የተሰበረ ቅርንጫፍ ተንጠልጥሏል።

«ከዚያ ሥር ነው» አሉ። «ሲወድቅ የሰማነው እኔና ባለቤቴ ነን። ይፈነዳ ይሆናል ብለን እሾህ ጣልንበት። ከዚያ ወዲህ በዚህ በኩል ሰው እንዳያልፍ ከልክያለሁ።»

«ለምን ለፖሊስ አልተናገሩም?»

«ልጄ፣ ቢናገሩም ፍርሃት፤ ባይናገሩም ፍርሃት። የትኛው እንደሚሻል ስናወጣ ስናወርድ ሁለት ቀን አለፈ።»

ሠናይት ታከለንና ቄሱን ከድንጋዩ አጥር ጀርባ እንዲቆሙ አደረገች። ታከለ ሊከራከር ሞክሮ ነበር። ዐይኗን ሲያይ ተወው። እሾሁን በረጅም እንጨት ገፈፈችው። ከሥሩ ግራጫ ነገር ብቅ አለ፤ ሁለት ክንዶቹ ተሰብረዋል፣ አንድ ጥቁር ዐይን ወደ እሷ ያያል። ልጇን አስባ፣ የደብረ ብርሃኑን ቤቷን አስባ፣ እጇን ዘረጋች።

ቀዝቃዛ ፕላስቲክ ነው። ስታነሣው ከዶሮ አይከብድም።

ገልብጣ አየችው። የሚፈነዳ ነገር የለውም። ከሆዱ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ግማሹ ተልጦ ግማሹ ይነበባል፤ «ዘርአ ዳዊት ፎቶና ቪዲዮ፣ ደብረ ብርሃን።»

«የሠርግ ድሮን ነው» አለች ለታከለ። «ሰው ሲጨፍር የሚቀረጽበት።»

ከጎኑ ያለውን ትንሽ ክዳን በጥፍሯ ከፈተች። ሚሞሪ ካርዱ ከቦታው አለ።

*

ዘርአ ዳዊት ፎቶ ቤቱን ከአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ነው የከፈተው። ደብረ ብርሃን እንደ ልማዷ ብርድ ናት፤ ከደጅ የቆሙት የባጃጅ ሾፌሮች እጃቸውን በብብታቸው ሸጉጠዋል። ሠናይት ታከለን አስከትላ በዝግታ ገብታ የተሰበረውን ነገር ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ከወጣቱ ፊት ደም ሸሸ።

«የኔ ነው» አለ። «ጠፍቶብኝ ነው። ባለፈው ሳምንት ከመዘዞ በላይ አስነሥቼው፣ ሩቅ ድረስ ልሞክረው ብዬ... ነፋስ ወሰደብኝ።»

«መዘዞ» አለች ሠናይት። «እኔ ስለዚህ ነገር አላውቅም። አንድ ድሮን እንዴት ነው የሚጠፋው? ረጋ ብለህ አስረዳኝ።»

የሚያውቀውን ስለጠየቀችው ትንሽ ተነፈሰ። «ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ከዐይን አርቀው ሲሰዱት ነው። ከዐይን አይጥፋ ነው ሕጉ። ከተራራ ጀርባ ዝቅ ካለ ከመቆጣጠሪያው ጋር ግንኙነቱ ይቋረጣል። ባትሪውም ግማሽ ሳይደርስ መመለስ አለበት። ምክንያቱም ሲሄድ የገፋው ነፋስ ሲመለስ ይጋፈጠዋል። በዚህ በገደሉ አገር ደግሞ ከሥር ሽቅብ የሚነፍሰው አይጣል ነው።»

«ግንኙነቱ ሲቋረጥ ይወድቃል?»

«አይወድቅም። ትንሽ ባለበት ይቆያል። ከዚያ ራሱ ከፍ ይልና ቀጥ ብሎ ወደ ተነሣበት ቦታ ይመለሳል። ለዚህ ነው ሳያስነሡት በፊት የመመለሻውን ከፍታ ከሁሉም ተራራና ዛፍ በላይ ማድረግ ያለብዎት። ዝቅ ካለ ከፊቱ ካገኘው ነገር ጋር ይላተማል።»

ሠናይት ከጠረጴዛው ላይ ሦስት የባትሪ ድንጋይ አነሣች። አንዱን አስቀመጠች። «ይሄ ጥድ አፋፍ ነው። ከዚህ ቤት በላይ ታይቷል።» ሁለተኛውን ራቅ አድርጋ አኖረች። «ይሄ ኪዳነ ምሕረት። እዚህ ከጥድ ጋር ተላትሟል። ቀጥ ብሎ ይመለሳል ካልክ፣ በነዚህ በሁለቱ መስመር እንቀጥል።» ሦስተኛውን ከመስመሩ ጫፍ አስቀመጠችው። «አንኮበር። መዘዞ በሌላ አቅጣጫ ነው፣ ዘርአ ዳዊት። ይሄ የተነሣው ከአንኮበር ነው።»

ወጣቱ ሦስቱን ድንጋዮች ትክ ብሎ አየ።

ይህን ስትናገር ሠናይት ራሷ ደነገጠች። አንኮበር። ለጉዳይ መጥቼ ነበር፤ ሰው ላኩብኝ። የፋንቱ ድምፅ ከመጋዙ ጩኸት ሥር ተሰማት። የምንልከው ሰው ጠፍቶ ነበር፤ በር ላይ ያረዳሁት እኔ ነኝ። መርዶ ያልደረሰው ሰው፣ ማንም የማይደፍረውን መንገድ በጭቃ ተነክሮ የመጣው ምን ብሎ ነው? ሁሉም ሲሸሽ ጆሮውን ደፍኖ የቆመውስ?

«ያዋስከው ለዘሥላሴ ነው» አለች።

ዘርአ ዳዊት ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። «ደባሌ ነው። አንድ ቤት ነው የምንኖረው። እናቱ በሕይወት ትኑር አትኑር ሳያውቅ ስንት ጊዜ! እንቅልፍ የለው፣ ምግብ የለው። ከአንኮበር ሆኜ አንድ ጊዜ ብቻ ልያት አለኝ። ተው አልኩት፤ በዚህ ጊዜ፣ በዚያ አገር፣ አይሆንም አልኩት። አለቀሰብኝ። ሰጠሁት። ከፍታውን አስተካክዬ መስጠት ነበረብኝ፤ ሠርግ ስንቀርጽ እንደነበረው ዝቅ እንዳለ ወሰደው።» ቀና አለ። «ሴትየዋ... ደህና ናቸው?»

ሠናይት ካርዱን አቀበለችው። «ክፈተው።»

ምስሉ የጀመረው በዘሥላሴ ፊት ነው። መሬት ላይ ካለው ማሽን ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ይታያል፤ ከኋላው የአንኮበር ጣሪያዎች አሉ። ከዚያ ምድር ዝቅ አለች። ጥዶቹ ከሥር አለፉ፤ ገደሉ አለፈ፤ ሜዳውና ቤቱ መጡ። ማሽኑ እየወረደ ሄደ።

ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ከቤት ወጣች። እጇን ከግንባሯ ላይ ጋርዳ ቀና አለች። ምስሉ የበለጠ ዝቅ ሲል ባለችበት ደረቀች። ከዚያ ተመልሳ ገባች። ወዲያው ወጣች። በሩን ዘጋች፤ ገመዱን በሁለት እጇ አዙራ አሰረችው፤ ጎትታ ሞከረችው።

«በሩን ያሰረችው ራሷ ናት» አለ ታከለ በሹክሹክታ።

ወደ ዛፎቹ አልሸሸችም። ወደ ክፍቱ ሜዳ ሮጠች። ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፍፋ ወደ ሰማይ ታውለበልባለች። አፏ ይንቀሳቀሳል። ድምፅ የለውም፤ ሠናይት ግን ቃሉን ታውቀዋለች። ወዲህ፣ ወዲህ።

ማሽኑ ለጥቂት ጊዜ ባለበት ቆየ። ከዚያ ከፍ ማለት ጀመረ፤ ወደ አንኮበርም ፊቱን አዞረ። የመመለሻ መንገዱ በእሷ ላይ ነበር። ሴትየዋ ሲመጣባት አየች። የተከተላት መሰላት። ከቤቱ ልታርቀው የበለጠ ፈጠነች። ጫማዋ ወለቀ፤ አላነሣችውም። ዐይኗ ወደ ላይ ነበር፤ አንድ ጊዜ እንኳ ከፊቷ ያለውን አላየችም።

ዘርአ ዳዊት የኮምፒውተሩን ማያ በመዳፉ ሸፈነው።

*

ወደ ጥድ አፋፍ ሲመለሱ ዘሥላሴ ከሜዳው ላይ ብድግ አለ። የሠናይትን ፊት ማየቱ በቃው።

«አገኛችሁት» አለ።

«አገኘነው።»

«ስትወጣ አየኋት» አለ። ከጀመረ ወዲያ ማቆም አልቻለም። «በሕይወት አለች ብዬ ብቻዬን ጮኽኩ። ፊቷን ልይ ብዬ ዝቅ አደረግኩት። ቀና ብላ አየችኝ። ያወቀችኝ መስሎኝ እጄን አውለበለብኩላት። እዚያ ማዶ ሆኜ! ከዚያ ምስሉ ጠፋ። ይመለሳል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልተመለሰም። አንድ ነገር አስፈራኝ። መንገዱን ያዝኩ።»

«ለምን ዋሸህ?»

«ፋንቱ ስትነግረኝ ምላሴ ተሳሰረ። ድሮን ሲባል ሰዉ እንዴት እንደሚሆን አይተዋል። እኔ ነኝ ብዬ በምን አፌ?» ጉንጩን በእጅጌው ጠረገ። «ፈርታ ነበር?»

ሠናይት ልትዋሸው የሚገባ መስሏት ነበር፤ መንገዱን ሙሉ ቃል ስትመርጥ ነው የመጣችው። ከፊቱ ስትቆም ግን አልቻለችም።

«አዎ፤ ፈርታ ነበር» አለች። «ግን ለራሷ አልሸሸችም። በሩን በምስራቅ ላይ አስራ፣ ነጠላዋን እያውለበለበች ከቤቱ ልታርቀው ነው የሮጠችው። ድሮኑን ወደ ራሷ እየጠራች።»

ከኋላዋ አንድ ነገር ተሰማት። ፋንቱ ከበሩ ላይ ቆማለች። አጠገቧ ገብረ ሕይወት አለ፤ ዱላ ይዟል። ሁሉንም ሰምተዋል። ገብረ ሕይወት ወደ ዘሥላሴ መራመድ ጀመረ። ታከለ መሐል ገባ፤ እጁ ወደ ወገቡ ሄደ።

ሽማግሌው ከሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆመ። ዱላውን አየው፤ መያዙን ራሱ የረሳ ይመስል ነበር። ጣለው።

«ወዲህ ስትል ሰምቼ ያልወጣሁ እኔ ነኝ» አለ። «በዚህ ልጅ ላይ እጄን የማነሣ እኔ ማነኝ?»

ዘሥላሴ ከመሬት ወደቀ፤ የአጎቱን ጉልበት አቅፎ አለቀሰ። ሰው የሌለበት ለቅሶ ነበር። ሆኖም ከአጥሩ ማዶ አንድ ሁለት ራሶች ብቅ አሉ። ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ አራት። ተራርቀው አልቆሙም።

ሠናይት ካቴናዋን አላወጣችም። ታከለ ልጁን ክንዱን ይዞ አስነሣው። አቀበቱን ሊጀምሩ ሲሉ ፋንቱ የእናቷን ጋቢ ይዛ መጣች። በወንድሟ ትከሻ ላይ ጣለችው፤ ጫፉን ከአንገቱ ሥር አጠበቀችለት፤ ዐይኑን ግን አላየችውም።

«አርባዋን እዚሁ ነው የምናወጣው» አለች።

«ፋንቱ...»

«ከለቀቁህ ና» አለች። «በእግርህ ና።»

ፊቷን አዙራ ወደ ልጇ ገባች።